የእመት ሐዋ ፊላ የታጨደበት ጠዋት

ረቡዕ፣ ንጋት፤ ኮምቦልቻ

ገና ጎሕ ሲቀድ ከቤት ወጣሁ። ኮምቦልቻ በዚህ ሰዓት ሌላ ከተማ ናት። ጭነት የያዙት መኪኖች በየመንገዱ ዳር ተደርድረው ተኝተዋል፤ ሸራቸው ላይ ጤዛ ወርዷል። መናኸሪያው በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ልጅ ብርጭቆውን ስታቀብለኝ፣ «እትዬ አበባ፣ ደግሞ ዛሬ ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ሐይቅ። ሰው ልጠብቅ።»

«ማንን?»

«መሐንዲስ።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን እውነት ነው።

ጽሑፎቼን የምትከታተሉ እንደምታውቁት ጓሮዬ ያሉትን ክፍሎች ለተማሪ አከራያለሁ። አንዷ ዘሃራ ናት። የአርጎባ ልጅ ናት፤ ምህንድስና ትማራለች፣ ዘንድሮ ትጨርሳለች። ሲያናግሯት ዓይኗን መሬት ላይ ትተክልና መልሱን ከመሬት ያገኘችው ይመስል ቀስ ብላ ታነሳለች። በቁጥር አነስተኛ ከሆኑት ብሔረሰቦች የመጡ የምህንድስና ተማሪዎችን ሰብስቦ፣ በዘይትና በኬሚካል የተበላሸ አፈርና ውሃ እንዴት እንደሚጸዳ የሚያሠለጥን ፕሮግራም አለ። ከአፋር፣ ከጉሙዝ፣ ከነገደ ወይጦ፣ ከአርጎባ ልጆች መጥተዋል። ዘሃራም ተመረጠች። ሥልጠናውን በተግባር የተወጣ ሐይቅ ዳር በሚቋቋመው የጽዳት ቡድን ውስጥ ይቀጠራል።

አባቷ በስልክ የነገሩኝን ቃል በቃል ልንገራችሁ። «እትዬ አበባ፣ ሴት ልጅ ብቻዋን ሰው አገር አታድርም። እርስዎ አብረው ከሄዱ ትሂድ። ሥራ ይዛ ከወጣች አልሃምዱሊላህ። ካልያዘች ግን በቃ፣ ጅዳ አክስቷ ጋ ትሄዳለች። ፓስፖርቱም ወጥቷል፤ አክስትየውም ሰው ቤት አግኝታላታለች።»

ሰው ቤት ማለት የሰው ቤት መጥረግ ማለት ነው። ያን ሁሉ ዓመት መስመር ስታሰምርና ስትለካ የኖረች ልጅ! አባትየውን ግን አልፈረድኩባቸውም። ከኋላዋ ታናናሾቿ አሉ።

እናም ሠልጣኞቹን የያዘው ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ዘሃራ ሻርፗን እስከ ግንባሯ ሳበችና ራሷን መስኮቱ ላይ አስደገፈች። የተኛች መስላኝ ነበር። መስታወቱ ላይ ግን በጣቷ የሆነ ነገር ትስል ነበር፤ ቱቦ ይሁን ወንዝ አላወቅሁም። በትንፋሿ እየጠፋ፣ እንደገና እየሳለችው።


ረቡዕ፣ ረፋድ፤ ከደሴ ወደ አምባሰል

ሾፌራችን ሁሴን የሐይቅ ልጅ ነው። ሳዑዲ ኖሮ ነው የተመለሰው። ደሴን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ሬዲዮውን ከፈተ፤ አምባሰል ነው። ስሙ ከዚሁ አገር ተራራ የተወሰደው ዜማ በተራራው ሥር ሲሰማ ሌላ ነው። ልክ የራስህ ሰው ከደጅ ቆሞ በስምህ እንደሚጠራህ ዓይነት። መንገዱ ራሱ የሚዘፍን፣ እኛ ደግሞ የምንንሳፈፍ መሰለኝ። ደመናው ከቦሩ ሜዳ ጀምሮ አብሮን ይወርዳል፤ ባሕር ዛፎቹ ግማሽ ግማሽ ብቻ ይታያሉ፤ አህያ የምትነዳ ሴት ከጭጋጉ ወጥታ እንደገና ጭጋጉ ውስጥ ትገባለች።

ሁሴን ሬዲዮውን ቀነስ አደረገው። በመስታወት ዘሃራን አያት።

«መሐንዲሷ! ተምረሽ ተምረሽ ጭቃ ልትጠርጊ ነው አሉ?»

«ጭቃ አይደለም። ዘይት ነው» አለች ሳትቆጣ።

«ዘይት ከሆነማ እኛም ቤት ነይ፤ ተወዷል።»

ሁሉም ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጅዳ ልትሄጂ ነው የሚባለውስ?» አላት።

«ይህ ካልሆነ።»

«እኔ እዚያ ሆኜ በየምሽቱ ሐይቁን በህልሜ አየው ነበር፤ ወላሂ። ስነቃ አልጋዬ እርጥብ ነው የሚመስለኝ።»

ከኋላ አንዱ ተማሪ፣ «አይ ሁሴን፣ እሱስ ሌላ ነገር ነው!» ብሎ መኪናውን በሳቅ ሞላው። ሁሴንም ሳቀ። ዘሃራ ግን አልሳቀችም፤ መስኮቱን ነበር የምታየው።

ሐይቅ ከተማን አልፈን ወደ ውጫሌ ቀጠልን፤ ሥልጠናው የሚጀመረው እዚያ ነው። ሐይቁ ከሩቅ ብልጭ አለ፤ ሰማይ ከነደመናው ሜዳ ላይ የተነጠፈ መስሎ። ከዚያ ደግሞ ሸንተረሩ ጋረደው።


ሐሙስ፤ ውጫሌ

ውጫሌ የገበያ ቀኗ ባይሆንም እንኳ ሰው አታጣም። ባጃጆቹ እንደ ንብ ይዞራሉ። ከከተማው በላይ የአምባሰል ገደል ጥቁር ሆኖ ቆሟል፤ ወገቡ ላይ ደመና ታጥቋል።

የሥልጠናው ኃላፊ ኢንጂነር መሠረት ናት። አጭር ናት፣ ቡትስ ጫማ ታደርጋለች፣ ሲበዛ አታወራም። ልጆቹን ከቆመ ብዙ ዘመን የሆነው አሮጌ ጋራዥ ግቢ ወሰደቻቸው። አፈሩን በአካፋ ገልጣ አስሸተተቻቸው። እኔም አሸተትኩ፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። ላዩ ሣር አብቅሏል፣ ከሥሩ ግን ጥቁር ነው። «የምንማረው ይህን ነው» አለች። «ከላይ አረንጓዴ የሆነ ነገር ሁሉ ጤነኛ እንዳልሆነ።»

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ለነገው ሥራ ጭድ ሊገዙ ገበያ ወጡ፤ ዘይት ከውሃ ላይ ይመጥጣል ተብለው ነው። ዘሃራ ጋር የተመደበው ጀማል የሚባል ልጅ ነው። ከጣና ዳር፣ የነገደ ወይጦ ልጅ። ቀጭን፣ ረጅም፣ እጁን የት እንደሚያደርገው የማያውቅ ዓይነት። ጭድ ሻጯ ሴትዮ ሁለቱን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

«ለስንት ከብት ነው?»

«ለከብት አይደለም» አለ ጀማል። «ለውሃ ነው።»

«ወይ ጉድ! ውሃም ጭድ መብላት ጀመረ?» ጎረቤቷን ጠራች። «ነይማ ስሚ፣ ውሃ የሚቀልቡ ልጆች መጥተዋል!» ግን መረቀችላቸው፤ ጭዱ ከጆንያው እስኪተርፍ ጨመረችላቸው።

ማታ ከመሆኑ በፊት አንድ ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ አዘዝን። ጀማል ጥግ ላይ ብቻውን ሊቀመጥ ሲል ዘሃራ ወንበሩን በእግሯ ወደ እኛ ሳበችው። «ና እዚህ። ወጡ ይቀዘቅዛል።» አመነታ። ከዚያ ተቀመጠ። ከአንድ ትሪ በላን።

«እትዬ፣ የኛን ሰዎች ያውቋቸዋል?» አለኝ ሲበላ ቆይቶ።

«በስም ነው የማውቃቸው፣ ልጄ።»

«ሁሉም በስም ነው የሚያውቀን» አለ። ፈገግ ብሎ ነው ያለው። ጣና ዳር ሰው ከእነሱ ጋር ማዕድ የማይቆርስበት ዘመን ነበረ፤ አሁንም ጨርሶ አልጠፋም አለኝ። ዘሃራ ሳታየው፣ «እንግዲህ እኛ ቆርሰናል፤ አንተ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ብላ፣ እኔ ፈጣን ነኝ» አለችው።


ዓርብ፤ ሐይቅ

ጠዋት ቁልቁል ተመልሰን ሐይቁ ዳር ደረስን። ማደሪያችን ውሃው አጠገብ ያለች መንደር ናት። ቀትር ላይ የቆሮሶ ጥብስ በላን፤ አንዱን ዓሣ ሦስት መቶ ብር አሉን፣ ተከራክረን እዚያው ሦስት መቶ ብር ላይ ተስማማን። ሐይቁ አይንቀሳቀስም። ወፎቹ እንኳ ውሃው ላይ ሲያርፉ ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስላሉ። እዚያ ዳር የተቀመጠ ሰው ዕድሜውን ይረሳል። እኔ ረሳሁት።

ሥራው ግን ሌላ ነበር። ከላይ ከከተማው በኩል የምትወርድ አንዲት ቀጭን ጅረት አለች። ባጃጅ የሚታጠብባቸውን ቦታዎች፣ ዘይት የሚቀየርባቸውን ጓሮዎች ሁሉ እየዳሰሰች ትመጣለች። ሐይቁ ጋ ስትደርስ ፊቷ ላይ እንደ ቀስተ ደመና ያለ ነገር ትለብሳለች፤ ከሩቅ ያምራል፤ ጠጋ ሲሉ ይሸታል። ዳርና ዳሯ ያለው ጭቃ ጥቁር ነው። የዘሃራና የጀማል ድርሻ ይህች የጅረቷ አፍ ናት። ዘይቱን ከሐይቁ ሳይገባ ማስቀረት፣ ጥቁሩን ጭቃ ደግሞ ቆፍሮ ማውጣትና በጉድጓድ ውስጥ ከፍግ ጋር ማከም።

ጭዱን በመረብ ከረጢት ጠቅጥቀው በጅረቷ አፍ ላይ አጋደሙት። መጀመሪያ ላይ ሠራ። ዘሃራ እንደ ሕፃን አጨበጨበች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ጭዱ ውሃ ጠጥቶ ከበደና ወደ ታች ሰጠመ። ዘይቱ በላዩ ላይ ቀስ ብሎ፣ እያብረቀረቀ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሐይቁ ገባ።

ኢንጂነር መሠረት ቆማ አየችው። አልተቆጣችም። «ነገ ከሰዓት ነው የማየው» አለች። «ያኔ ቆሞ ያላገኘሁትን እንደሌለ ነው የምቆጥረው። ሌላም ነገር ልንገራችሁ፤ ሁለተኛው ፈታኝ ይህ መንደር ነው። ሰዎቹ ሂዱልን ካሉ እንሄዳለን። ያን ጊዜ ሥራውም ቅጥሩም የለም።»

ዘሃራ ከረጢቱን ከውሃው ጎትታ አወጣች። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ጮኸ፤ አየችውና መልሳ ከተተችው። «አክስቴ ናት» አለችኝ። «ትኬት ልቁረጥ ወይ እያለች ነው።»


ቅዳሜ፣ ንጋት፤ ሐይቅ ዳር

ለሱብሒ አዛን ሲል ነቃሁ። የዘሃራ መኝታ ባዶ ነው። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ።

ጭጋጉ እንዲህ ነው ልል አልችልም። ሐይቁም፣ ዳሩም፣ እግሬም የለም። ነጭ ነገር ውስጥ እየተራመድኩ ነው። ከፊቴ ሸርተት ሸርተት የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የማጭድ ድምፅ ነው። ጠጋ ስል ሁለቱን አየኋቸው፤ ውሃው ጉልበታቸው ድረስ ነው። አጠገባቸው ከሰው ቁመት የሚበልጥ ፊላ፣ አረንጓዴ ግድግዳ ሠርቶ ቆሟል። ዳር ዳሩ በድንጋይ ታጥሯል፤ ውስጡ አንድ አረም የለም። እንዲህ በደንብ የተያዘ ፊላ አይቼ አላውቅም።

ጀማል ሌላ ሰው ሆኗል። እጁ የሚሄድበትን ያውቃል። ያጭዳል፣ ያጋድማል፣ በራሱ በፊላው ቅጠል ጠፍሮ ያስራል፤ እስሩን በጉልበቱ ይጫንና ያጠብቃል። «የኛ ደንገል ነው፣ እትዬ፤ ይሄ ፊላ ነው። ግን ዘመዳሞች ናቸው። ሆዳቸው አየር ነው፣ አይሰጥሙም። አባቴ በዚህ ታንኳ ይሠራል።»

«የማን ነው ፊላው?» አልኩት።

«የሐይቁ ነዋ» አለ ገርሞት። ጣና ላይ የሐይቅ ዳር ነገር ላጨደው ነው፤ ማን ይከለክላል?

ረጃጅሙን እስር በትከሻቸው ተሸከሙት፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ከባድ ስለነበር ቀስ ብለው፣ ሳይነጋገሩ፣ ጭጋጉ ውስጥ በዳሩ ሄዱ። አንዲት ውሃ ቀጂ ሴት ቆማ አየቻቸው። ጀሪካኗን አስቀመጠችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰላም ልላት ስል ፊቷን አዙራ ወደ መንደሩ ሮጠች። ደንግጣ ነው ብዬ ተውኩት።

እስሩን በጅረቷ አፍ ላይ አጋድመው ከዳርና ዳር በካስማ አሰሩት። ጭዱን ከኋላው አደረጉ። ከዚያ ሦስታችንም ጠበቅን። ቀስተ ደመናዋ መጣች። ፊላውን ነካች። ቆመች። ንጹሑ ውሃ ከሥር አልፎ ሄደ፤ ዘይቱ ግን ከኋላ ቀርቶ ጭዱ ውስጥ ገባ። ዘሃራ እጇን ውሃው ውስጥ ነክራ አወጣችና አሸተተችው። እኔም እንዳሸት እጇን ዘረጋችልኝ። ዓሣና ቅጠል ብቻ ነው የሚሸተው።

«ቆመ» አለች በሹክሹክታ። «እትዬ፣ ቆመ።»

ይህን ስትል ነው ከመንደሩ ጥሩምባ የተነፋው።


ቅዳሜ፣ ረፋድ

መጀመሪያ የደረሱት ወንዶቹ ናቸው፤ ዶማና አካፋ በትከሻቸው። ከኋላ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ፤ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም። ጭጋጉ እየገፈፈ፣ ሰው እየበዛ ሄደ። ሁሴን ከመኪናው ወርዶ ባዶ እግሩን ሲሮጥ ደረሰ። «ማን ነው? ማን ሞተብን?»

«እኛስ ምን እናውቃለን?» አልኩት።

የቅሬው ዳኛ አያ ይመር ይባላሉ። ቅሬ፣ ለሩቅ አንባቢዎቼ፣ እናንተ እድር የምትሉት ነው፤ ወሎ ውስጥ ግን ከእድርም ይበልጣል፤ ከቅሬ የወጣ ሰው በቁሙ ብቻውን ነው። አያ ይመር በዱላቸው ወደ ጅረቷ አፍ ጠቆሙ። የተጋደመውን ፊላ አዩት። ከዚያ ዘሃራንና ጀማልን አዩ።

«ጀናዛው የት ነው?»

«የምን ጀናዛ፣ አባቴ?» አለች ዘሃራ።

ሁሴን ነው ጆሮዬ ላይ ያንሾካሾከልኝ። ያ በድንጋይ የታጠረው ፊላ የቅሬው ነው። በዚህች መንደር ሰው ሲቀበር ከአፈሩ በፊት ፊላ ይለብሳል። ስለዚህ ሰው ካልሞተ በቀር ማንም ማጭድ አይነካውም። ፊላው ታጭዶ ከታየ፣ ሁለት ሰዎች ረጅም እስር በትከሻ ተሸክመው በንጋት ከተጓዙ፣ ማንም ለማንም መንገር አያስፈልገውም፤ ሰው ሞቷል። ቀበሌው ለተማሪዎቹ ፈቃድ ሲሰጥ ይህን ያልነገራቸው ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ነው።

ኢንጂነር መሠረት ደረሰችና ነገሩን ሰምታ ፊቷ አመድ ሆነ። ጀማል ከውሃው ወጣ። «እኔ ነኝ ያጨድኩት» አለ። «እሷ የለችበትም። እኔ እሄዳለሁ፤ ከናንተ ጋር ምንም...» ወደኔ ዞሮ በለሆሳስ፣ «ወይጦ መጥቶ የሙታን ፊላ ሰረቀ ነው የሚባለው፣ እትዬ። አሁን ይህ ነው የሚቀረው» አለኝ።

«ዝም በል» አለችው ዘሃራ። ሻርፗን አስተካከለች፤ ከአያ ይመር ፊት ሄዳ ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከመሬት ነቅላ ስትናገር ያየሁት ያኔ ነው። «አፉ በሉን፣ አባቴ። ሁለታችን ነን። የሐይቁ መስሎን ነው። እሱ ባስተማረኝ፣ እኔ ባሰብኩት ነው የሆነው። ሬሳ የለም። የምታባርሩ ከሆነ እኔን አባርሩ፤ ሥራው ግን አይፍረስ፤ ኑማ፣ እዩት።» ክንዷን ወደ ፊላው ዘረጋች። ከወዲህ በኩል ዘይቱ በጭዱ ተይዞ ያብረቀርቃል፤ ከወዲያ ውሃው ጥርት ብሎ ጠጠሩ ይታያል።

አንዱ ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ አየ። «ይህ ሁሉ ሐይቁ ሲገባ ነበር እንዴ?» ሌላው፣ «አንተ አይደለህ ባጃጅህን የምታጥበው!» አለው። «አንተስ? ያንተ ዘይት ጸሎት ቤት ነው የሚሄደው?» ሳቅ ተነሣ፤ አያ ይመር ዱላቸውን ሲያነሡ ተዋጠ።

«ሌላ ነገር አለ» አሉ። «ቅሬ ወጥቷል። አካፋ አፈር ሳይነካ ወደ ቤት አይመለስም፤ ይህ የአባቶቻችን ነው። ሬሳ የለም አላችሁ። እንግዲህ የምንቆፍረውን አምጡ።»

ዘሃራ ኢንጂነር መሠረትን አየቻት። ኢንጂነር መሠረት ራሷን ነቀነቀች።

«አለን» አለች ዘሃራ። ጥቁሩን ጭቃ አሳየቻቸው። የሚወጣበትን፣ ጉድጓዱ የሚሆንበትን ከፍ ያለ ቦታ፣ ከሥሩ የሚነጠፈውን ሸራ፣ ከፍግ ጋር ተቀላቅሎ በየጊዜው የሚገላበጠውን ነገረቻቸው።

«የተቆፈረ ጉድጓድ ደግሞ ይገላበጣል? አስተግፊሩላህ!» አለ አንዱ።

«መቃብር አይደለም፣ ወንድሜ። ፍግ ነው።»

«ፍግ ከሆነ እናውቀዋለን» አሉ አያ ይመር፤ ዱላቸውን ለሰው ሰጥተው አካፋ ተቀበሉ።

እንዴት እንደቆፈሩት ልነግራችሁ ብሞክር አልችልም። ልጆቹ ሳምንት ይፈጅብናል ብለው የፈሩት ጉድጓድ ፀሐይዋ ጭጋጉን ጨርሳ ሳትጠጣ ተቆፈረ። ቀብር ላይ እንደሚሆነው ሁሉ ማንም ማንንም አያዝም፤ የደከመው ሲወጣ ሌላው ይገባል። ጀማል እጁ ላይ አካፋ ይዞ ቆሞ ነበር። አንድ ሽማግሌ ክንዱን ይዘው ወደ ጉድጓዱ አስገቡት። «ግባ እንጂ፤ ቅሬ ላይ ቆሞ የሚያይ የለም።» ገባ። ሲቆፍር ያለቅስ ነበር፤ ላብ ነው ብለው ነው መሰለኝ ማንም አላየውም።


ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ሰው ሊበተን ሲል አንዲት ባልቴት በሁለት ሴቶች ተደግፈው መጡ። እመት ሐዋ ናቸው፤ የመንደሩ ታላቅ። ሰዉ ገና ሲያያቸው መሳቅ ጀመረ። ለካ ያ ፊላ የእሳቸው ነው እየተባለ ይቀለድ ኖሯል፤ ቀጥሎ የሚሄዱት እሳቸው ናቸውና።

«የታለች ያጨደችኝ?» አሉ።

ዘሃራ ቀርባ ጉልበታቸውን ሳመች። «አፉ በሉኝ፣ እማማ።»

«ለኔ ኮትኩቼ ያሳደግሁትን! አሁን በምን ልትቀብሩኝ ነው? በማዳበሪያ ከረጢት?»

«ይበቅላል፣ እማማ» አለ ጀማል። «ከሥሩ ነቅለን እንደገና እንተክለዋለን።»

«መቼ ነው የሚደርሰው?»

«ክረምቱን ከጠገበ... በሚቀጥለው ዓመት።»

እመት ሐዋ አሰቡ። ሐይቁን ረጅም ጊዜ አዩት። «እንግዲህ እስኪበቅል አልሞትም» አሉ። «ምን ይደረጋል። ግን ያጨደ ነው የሚያሳድገው። ይህች ልጅ እዚሁ ትቀመጣለች። እኔ ቤት ታድራለች።»

አያ ይመር፣ «ቅሬውም ያለው ይህንኑ ነው» አሉ። ኢንጂነር መሠረት ጉድጓዱን፣ ፊላውን፣ ሰዉን ተራ በተራ አየች። «ቦታው ባለሙያ ጠባቂ ያስፈልገዋል» አለች። «እኔ በበኩሌ ሁለቱንም ቀጥሬአለሁ።» ጀማል መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ዘሃራ ግን አልሳቀችም። ስልኳን አወጣች። «አባቴ ነው የቀረው» አለች። «ሥራ አግኝቻለሁ ብዬ ብነግረውም፣ ሐይቅ ዳር ብቻዬን የማድር ከሆነ አይፈቅድም።»

ደወለች። ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው። አባቷ ሰላምታውን ሳይጨርሱ፣ «አክስትሽ ትኬቱን ዛሬ ልቁረጥ ትላለች፤ ምን ልበላት?» አሉ። ዘሃራ ስልኩን ለአያ ይመር ሰጠች።

ሁለቱ ሽማግሎች መጀመሪያ ስለ ጤና፣ ከዚያ ስለ ዝናብ፣ ከዚያ ስለ ከብቱ፣ ከዚያ እንደገና ስለ ጤና ተጠያየቁ። ሁሴን ጸጉሩን ሊነጭ ደረሰ። በመጨረሻ አያ ይመር፣ «ልጅህ የቅሬያችንን ፊላ፣ ሙት የምናለብሰውን አጭዳለች» አሉ።

«የማን ነበር?» አሉ አባትየው።

«የእመት ሐዋ።»

«ኢናሊላሂ... ሞቱ?»

«አልሞቱም። አጠገቤ ሆነው ይሳደባሉ።»

እመት ሐዋ ስልኩን ቀሙና ገልብጠው ይዘው ጮኹበት። «ስማኝ አንተ! ልጅህን አረብ አገር ልከህ እኔን ራቁቴን ልታስቀብረኝ ነው? እኔ ጋ ናት፣ ከጎኔ ነው የምትተኛው። ሴት ልጅ ናት፣ አውቃለሁ፤ እኔም ሴት ልጅ ነበርኩ!»

እዚያ ማዶ፣ አርጎባ፣ ሰው ሲሳል፣ ዶሮ ስትጮኽ ይሰማል። ዘሃራ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ዘሃራ» አሉ አባቷ።

«አቤት፣ አባ።»

«ቅሬ የያዘውን ሰው እኔ ከአገር አላስወጣም። አልችልምም። ምን ብዬ ነው ነገ እኔው ቅሬ ላይ የምቀመጠው?» ተነፈሱ። «ለአክስትሽ እኔ እነግራታለሁ። ደሞዝ ደግሞ ይሰጡሻል ወይ?»

«ይሰጡኛል፣ አባ።»

«አልሃምዱሊላህ። ለሴትየዋ ታዘዢ።»

ስልኩ ተዘጋ። ዘሃራ እንደቆመች እመት ሐዋ ትከሻ ላይ ወደቀች፤ ባልቴቷ፣ «ቀስ! ገና አንድ ዓመት መቆየት አለብኝ!» አሉ።


እሁድ፤ መመለሻ

ሁሴን ሞተሩን ሲያስነሣ ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ሻንጣዬን አስቀመጥኩበት፤ ከዚያ መልሼ አወረድኩት፤ አልወደድኩትም።

«እትዬ አበባ» አለኝ፣ «ጠባቂ ሆነው መጥተው ልጅቷን ጥለው ሊሄዱ ነው?»

«ከኔ ለበለጠች አስረክቤአለሁ።»

ጠዋቱ ያለ ጭጋግ ነው የነጋው። ሐይቁ ግን አሁንም ሕልም ይመስላል፤ ብርሃን ሲወጣበት ደግሞ ይበልጥ። መንገዱ ዳሩን ይዞ ሲታጠፍ አየኋቸው። ዘሃራና ጀማል ቀሚስና ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ጎንበስ ብለዋል፤ የፊላውን ሥር እያነሡ በጭቃው ውስጥ ይተክላሉ። ሁሴን መኪናውን አዘገየው፤ መስኮቱን አወረድኩ። ዘሃራ ጭቃ የለበሰ እጇን አነሣችልኝ፤ አንድ ነገር ጮኸች፤ ነፋሱ ወሰደው።

የእመት ሐዋ ድምፅ ግን ደረሰኝ። ዳር ላይ በርጩማ ተቀምጠው ዱላቸውን እያወዛወዙ ልጆቹን ይቆጣሉ።

«አራርቃችሁ! አራርቃችሁ ትከሉት እንጂ! ቶሎ የሚሞላው ለማን ብሎ ነው?»